ዋርካው ሥር የተቆጠርን ቀን

ሽታው በሩ ላይ ተቀበለኝ። የአሳ ደም፣ የጭቃ ውሃ፣ ወድቆ የበሰበሰ የዋርካ ፍሬ። ልጄ ትዕግስት ክንዴን ይዛ ወደ መናፈሻው እያስገባችኝ ነበር፤ ቆምኩ። «እማዬ፣ ጉልበትሽ ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ጉልበቴ ደህና ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። በዚያ በር ከገባሁ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር። ሐይቁን ለማየት ሌላ ቦታ ሞልቷል። ልጆቼንም ሳሳድግ ለሽርሽር የወሰድኳቸው ወደ ሌላው ዳር ነው። ለምን እንደሆነ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ብዙ ስለማልናገር ሰው ዝምታዬን ጠባይዋ ነው ብሎ ትቶኛል።

ትዕግስት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ወፍ ታስተምራለች። በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ፣ ከመስቀል በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ተማሪዎቿን ይዛ ሐይቁ ዳር ወፍ ትቆጥራለች። ከባሕር ማዶ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ወፎች መግባት የሚጀምሩት ያን ጊዜ ነው ትላለች። ስንት ዓመት «ነይ» ስትለኝ ስንት ዓመት እምቢ አልኳት። ዘንድሮ ግን የሁለቱም ዓይኖቼ ሞራ ተገፍፎልኛል። ከሰኔ ወዲህ የማየው ሁሉ አዲስ ነው፤ የቅጠል ጠርዝ፣ የልጄ ሽበት። ለዚህ ያበቃኝን አምላክ ሳመሰግን ነው የከረምኩት። «በአዲሱ ዓይንሽ የኔን ወፎች ሳታዪ ልትቀሪ ነው?» ስትለኝ፣ እምቢ ማለት ምስጋና መንፈግ መሰለኝ። መጣሁ።

ተማሪዎቹ ከየአገሩ ናቸው። ከሐረር የመጣች ዘይነብ የምትባል ሻሽ ያሰረች ልጅ ባይኖኩላሯን ከአንገቷ አውልቃ እኔ አንገት ላይ አጠለቀችው። «እማማ፣ ይቺን ብቻ ያዟሯት፤ ይጠራልዎታል» አለችኝ። አዞርኳት። መጀመሪያ የጠራልኝ ያ ረጅሙ ወፍ፣ አባ ኮዳ ነበር። መላጣ ራሱ፣ የተላጠ አንገቱ፣ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለው ከረጢት፣ ሁሉም እንደ ዱሮው ነው። ከፊቱ የዳቦ ፍርፋሪ የምትለቅም እርግብ ነበረች። አንድ እርምጃ ሄደና ወገቧን ያዛት። ክንፏን እያራገበች ሁለቴ መሬት ላይ መታት፤ ከዚያ ራሱን ቀና አድርጎ ከነላባዋ ዋጣት። በአንገቱ ስትወርድ ገና ትንቀሳቀስ ነበር። ዘይነብ ፊቷን አዞረች።

«ሬሳ ብቻ ነው የሚበላው ብለውኝ ነበር» አለች።

«ያገኘውን ይበላል» አልኳት።

«ያውቁታል እንዴ እማማ?»

«አብረን ሠርተናል» አልኩ። ሳቀች። ቀልድ መሰላት።

እውነቴን ነው። ያኔ ከተማዋን አዋሳ ነበር የምንላት። ከገብርኤል እስከ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ላይ ከመኪና ጋሪ ይበዛ ነበር፤ የፈረሶቹ ግንባር ላይ ቀይ ክር ይታሰራል። ጎረምሶቹ ከታች የሚሰፋ ሱሪ ለብሰው አቧራውን እየጠረጉ ይሄዳሉ። እኔ ዱካሞ ሲያገባኝ የገዛልኝ አንድ ሰማያዊ ናይሎን ቀሚስ ነበረኝ፤ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የምለብሰው። ለሥራ ኮንጎ ጫማና የጆንያ ሽርጥ ይበቃል። ዱካሞ የሲዳማ ልጅ ነው፤ ውሃው ዳር ተወልዶ ውሃው ላይ ያደገ አሳ አጥማጅ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ዳር ላይ አሳ እበልታለሁ። ማዕዘኑ ላይ ካለው ሻይ ቤት ሬዲዮ ይሰማል። ጥሏት የሄደውን ሰው የምትጣራ ሴት ታዜማለች፤ እኛም ከሷ ጋር እያንጎራጎርን ቢላዋ እንስላለን። ቆሮሶ የምንለው አሳ በደንገል ታስሮ አሥሩ በአንድ ብር ከስሙኒ ይሸጥ ነበር። አምባዛን እኛ ቅርፊት የለውም ብለን አንበላውም፤ ለሚበሉት ግን እናዘጋጃለን። አምባዛ ከውሃ ወጥቶም ቶሎ አይሞትም፤ በአጭር የግራር ዱላ ጭንቅላቱ ይመታል። የሴቶቹ አለቃ እትዬ አስካለ ያን ዱላ የሰጠችኝ ሥራ በገባሁ በሳምንቴ ነው። «አትዘኚለት፤ ካዘንሽለት ሁለተኛ ልትመቺው ነው፤ ያ ነው ጭካኔው» አለችኝ። ለመድኩት። በአንድ ምት እገድል ነበር።

ሆድ ዕቃውን ወደ ኋላችን እንወረውራለን። አባ ኮዳዎቹ ከጀርባችን ቆመው ይጠብቃሉ፤ አንጀት በወደቀ ቁጥር እርስ በርስ በመንቁር ይቆራረጣሉ፤ የአንዱን ዓይን ሌላው ሲያወጣው አይቻለሁ። የእትዬ አስካለን የጣት ጫፍ ከአሳ አንጀት ጋር ወስደውታል። እሷ ጣቷን በሽርጧ ጠምጥማ ሥራዋን ቀጠለች። ሰውም ከነሱ ብዙ አይሻልም ነበር። ዘመኑ ክፉ ነበር፤ ከዚህ በላይ አልልም። ስሙ ወረቀት ላይ የሰፈረ ሰው በማግስቱ ቤቱ አይገኝም። ጠዋት ወደ ሐይቁ ስንወርድ መንገድ ዳር የተጣለ ሰው ካየን ነጠላችንን ወደ ፊታችን ስበን እናልፋለን። አሁን ያ መንገድ ንጣፍ ድንጋይ ለብሷል፤ ወጣቶች ፎቶ ይነሱበታል። ደስ ይለኛል። ግን እግሬ ዛሬም የት የት ቦታ ፈቀቅ ብሎ ማለፍ እንዳለበት ያውቃል።

አሳ አጥማጆቹ የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። ጀልባ ውሃ ላይ እያለ አይቆጠርም። ስንት ወጡ፣ ስንት ቀሩ አይባልም። ዳር ቆመን የምንጠብቅ ሚስቶች እንኳ «ገና ናቸው» ነው የምንለው። ማንም ከቆጠረ የመጨረሻውን ጀልባ ለውሃው ሰጠው ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ያን ሕግ የማጠብቀው እኔ ነበርኩ፤ የዱካሞ ልጅ በሆዴ አራት ወር ሆኗት ነበር። ትዕግስት ናት።

መስከረም በገባ በሳምንቱ ከኮሌጁ አንድ ተማሪ መጣ። ቀጭን፣ አፍሮ ያበጠረ። ዋርካውን ተደግፎ ባይኖኩላር ዓይኑ ላይ ያደርጋል፤ ያወርድና ደብተር ላይ መስመር ያሰምራል። አራት መስመር፣ አምስተኛውን አጋድሞ።

«ሚስት እየመረጠ ነው» አለች አንዷ።

«አባ ኮዳውን ነው እኮ የሚያየው» አለቻት ሌላዋ።

«ምን ያድርግ፣ እግሩ ካንቺ ያምራል» አለች እትዬ አስካለ። ተሳሳቅን።

በሦስተኛው ቀን ደፈር ብሎ «እንደምን አደራችሁ፣ እናቶቼ» አለን። እትዬ አስካለ «እናትህ አሳ ስትበልት አይተሃታል?» ብላ አሳፈረችው። አቀርቅሮ ወደ ዋርካው ሄደ። ያን ሁሉ ቀን ማንም ምን እንደሚጽፍ አልጠየቀውም። ግን ሁላችንም እርሳሱን እናያለን።

በዚያ ሳምንት እሑድ ቄሱ ሕዝቡን ስለቆጠረ ንጉሥ አስተምረው ነበር። ንጉሡ ቆጠረ፤ መቅሠፍት ወረደ፤ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ ቆሜ ነው የሰማሁት። ውስጤ ቀረ።

ሐሙስ ሳይነጋ ጀልባዎቹ ወጡ። ረፋዱ ላይ ነፋስ ተነሣ። ሐይቁ ነጭ አረፋ አወጣ፤ ሸምበቆው መሬት ላይ ተኛ። ጀልባዎቹ አንድ በአንድ እየተንገዳገዱ ገቡ። «ገና ናቸው» አልን። ሌሎች ገቡ። «ገና ናቸው» አልን። በቀትር እኔ ብቻዬን ነበርኩ የምለው። ከዚያ ውሃው አንድ መቅዘፊያ ተፍቶ እግሬ ሥር ጣለው። እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። ያሰርኩለት እኔ ነኝ።

አምባዛ እየመታሁ ስለነበር ዱላው በእጄ ነው። ወደ ዋርካው ሄድኩ። ተማሪው ይጽፋል።

«ምንድን ነው የምትጽፈው?» አልኩት።

ቀና ብሎ ፈገግ አለ። «ቆጠራ ነው፣ እህቴ።»

«ምን ትቆጥራለህ?»

«እዚህ ያለውን ሁሉ።»

«እኛንም?»

ዓይኑን ወደ ደብተሩ መለሰ።

«ቆጥሯቸዋል» ብዬ ጮኽኩ። «ውሃ ላይ እያሉ ቆጥሯቸዋል።» ከዚያ መታሁት። የመታሁት ደብተሩን ነው እያልኩ ለራሴ ስነግር ኖሬአለሁ። ደብተሩ ግን በእጁ ነበር፤ ዱላው ሲያርፍ የተሰማው ድምፅም የወረቀት አልነበረም። እርሳሱ ወደቀ። እጁን አይቶ እኔን አየኝ። ገና አልጮኸም።

ሁለተኛ አልመታሁትም። አላስፈለገም። እትዬ አስካለ ደረሰች፣ ሴቶቹ ደረሱ፣ ተሸካሚዎቹ ደረሱ። ወንዶቹ መቅዘፊያ ይዘው መጡ። አንዱ አፍሮውን ጨምድዶ ራሱን ከዋርካው ጋር አላተመው። ሲወድቅ በእግራቸው ገቡበት። ባይኖኩላሩን አንዲት ሴት በድንጋይ ስትፈጨው አየሁ፤ መስታወቱ ተበትኖ አሸዋው ላይ እንደ አሳ ቅርፊት አበራ። «ወፍ ነው፣ ወፍ ነው» ይላል ልጁ፤ በኋላ አፉ በደም ሲሞላ ቃሉ አልለይ አለ። ጠመንጃ የያዘ የሰፈሩ ጠባቂ እየሮጠ መጣ። ያስጥለዋል ብለን መንገድ ለቀቅንለት። ደብተሩን ከጭቃ አንሥቶ ገለጠው፤ መስመር ብቻ ነው። «ለማን ነው የምትጽፈው?» ብሎ በሰደፍ አገጩን መታው። አሁን ይህን ስጽፍ ከሁሉ አብልጦ የሚታየኝ አባ ኮዳዎቹ ናቸው። የሰው ክበብ ሲያዩ ሥራ የተጀመረ መስሏቸው ከኋላችን መጥተው ቆመዋል። አንገታቸውን ወደፊት አስግገው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። አንዱ በእግራችን መሐል ገብቶ የልጁን የወደቀ ጫማ ይዞ ሄደ።

በጋሪ ጭነው ወሰዱት። እግሩ ከጋሪው ጫፍ ተንጠልጥሎ ይወዛወዝ ነበር። ሞቷል አልን።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ዱካሞ በእግሩ መጣ። ነፋሱ ከማዶ ጥሏቸው፣ መቅዘፊያው ከእጁ አምልጦ፣ ከጓደኞቹ ጋር ዳር ዳሩን ሲጓዙ ውለው ነው። ትከሻው ላይ አሳ አንጠልጥሏል። ዋርካው ሥር ደሙን አየና «ማን ሞተ?» አለ። እኔ እግሩ ላይ ወድቄ አምላኬን አመሰገንኩ። በጥፍሬ ውስጥ የሰው ደም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አሳ አልበለትኩም፤ መሐል ከተማ ክርና ቁልፍ መሸጥ ጀመርኩ። አምላክ ዱካሞን ሠላሳ አምስት ዓመት ሰጠኝ፤ ልጆች ሰጠኝ፤ አልጋው ላይ በሰላም ወሰደው። ለዚህ ሁሉ ተመስገን ባልኩ ቁጥር ያ ጋሪ ይታየኛል። የንስሐ አባቴ «ሂጂና ይቅርታ ጠይቂው» አሉኝ። «ሞቷል» አልኳቸው። «እንግዲያስ ለነፍሱ ጸልዪ» አሉኝ። ስሙን ስለማላውቀው «ተማሪው» እያልኩ ጸለይኩለት። ልጆቼን ግን በቁጥር ጠርቼ አላውቅም። ስንት ናቸው ስባል «እሱ የሰጠኝ» እላለሁ።

ዘይነብ ቁጥቋጦ ላይ የመስቀል ወፍ አሳየችኝ፤ ቢጫና ጥቁር። «ይቺ የት ከርማ ነው የምትመጣው?» አለ አንዱ ተማሪ። ትዕግስት ሳቀች። «የትም አትሄድም። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናት። ወንዱ ክረምት ሲወጣ ቀለም ይለብሳል፤ ከዚያ ያወልቀዋል። ሌላ ጊዜ አይታችኋት ድንቢጥ ናት ብላችሁ ነው የምታልፏት።» ከዚያ ወደ ዋርካው አመለከተች። «ኑ፣ ጋሼ መርዕድን ሰላም በሉ። ከኔ በፊት ይህን ሐይቅ የቆጠሩ ናቸው። ጡረታ ወጥተው እዚህ ባህል አዳራሽ ጀርባ መኖር ከጀመሩ አምስት ዓመት ሆናቸው።»

ባህል አዳራሽ ጀርባ በየሳምንቱ አልፋለሁ።

ጀርባውን ዋርካው ላይ አጥብቆ የደገፈ ሽማግሌ ነበር። አገጩ ወደ አንድ ወገን ዞሯል። ደብተሩን በጉልበቱ ይዞ በግራ እጁ ይጽፋል፤ ቀኙ ደረቱ ላይ እንደ ሞተ ወፍ እግር ታጥፋለች። አራት መስመር አሰመረ፣ አምስተኛውን አጋደመ። ሞራዬ ባይገፈፍ ኖሮ አላየውም ነበር። ልጆቹ ሰላም ብለውት ወደ ውሃው ወረዱ። እኔ ቀረሁ። ሰላም ብዬው መሄድ እችል ነበር። ከሄድኩ ዳግመኛ ተመስገን እንደማልል አወቅሁ።

«እጅዎን ምን ነክቶት ነው?» አልኩት።

«የቆየ ነው፣ እመቤቴ።»

«ዱላ ነው» አልኩ። «አጭር የግራር ዱላ። የአምባዛ።»

እርሳሱ ቆመ። «ማን ነገረዎት?»

«ማንም። የመታሁዎት እኔ ነኝ።»

ዋርካው ውስጥ መግባት የፈለገ ይመስል ጀርባውን ለጠፈ። ደህናዋ እጁ ቡጢ ጨበጠች። የሚመታኝ መሰለኝ፤ ቢመታኝ ወድጄ ነበር። አልመታኝም።

«ፊትዎን አላስታውስም» አለ በመጨረሻ። «እጅዎን ነው የማስታውሰው። የአሳ ቅርፊት ተጣብቆበት ያብረቀርቅ ነበር። እስር ቤት ሁለት ወር ሳያሳክሙኝ ቆየሁ፤ አጥንቱ እንደ ተጣመመ ገጠመ። ስወጣ እናቴ እንደ ሕፃን አጉርሳኛለች። ዛሬም ሸሚዜን ስቆልፍ እርስዎን አስብዎታለሁ። በየቀኑ ጠዋት።»

«ሞተዋል ብዬ ነበር» አልኩት። «ስምዎን ስለማላውቅ "ተማሪው" እያልኩ ለነፍስዎ ስጸልይ ኖሬአለሁ።»

«ለነፍሴ? በቁሜ?» አለ። ሳቅ መጣበት፤ ሳሉ እስኪያፍነው ሳቀ። ዓይኑን በተጣመመችው እጁ ጀርባ ጠረገ። ከዚያ «ባልዎስ?» አለኝ።

«በዚያው ቀን ተመለሰ።»

አንድ አባ ኮዳ መጥቶ ፊታችን ቆመ።

«ጀልባ አልቆጠርኩም» አለ። «እናንተን ግን ቆጥሬ ነበር። ስንት ሴት ስትበልት ስንት አባ ኮዳ እንደሚመጣ ለማወቅ። "እኛንም?" ሲሉኝ "የለም" ብል ኖሮ ይመለሱ ነበር ይሆናል። ያኔ መዋሸት አልችልም ነበር።» ራሱን ነቀነቀ። «አሥራ አንድ ነበራችሁ። ከርስዎ ጋር።»

ስንት እንደነበርን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ከአሥራ አንዱ ዛሬ በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩት።

«እሱን ለቄስዎ ይተዉት» አለ። ድምፁ ደረቅ ነበር። «ግራ እጄ ከረፋድ በኋላ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ ገና ግማሹን አልቆጠርኩም።» ደብተሩን እጄ ላይ አኖረው፤ እርሳሱን ሰጠኝ። «እጄን ወስደውብኛል። ይጻፉ።»

ተቀመጥኩ። እሱ ያያል፣ ይጠራል፤ እኔ አሰምራለሁ። መጀመሪያ ላይ በየመስመሩ አማተብኩ። ፔሊካን። ጋጋኖ። አሳ የሚይዘው ንስር፣ ሁለት፣ በአንድ አሳ ሲቧጨቁ። አባ ኮዳ፣ ሠላሳ አራት። ቀኑ ተጋመሰ። ትዕግስት ከውሃው ዳር ሆና አየችን፤ እጇን አወዛወዘች፤ አልጠራችኝም።

«አሳ የሚበልቱ ሴቶች» አለ በመጨረሻ።

ወደ ዳሩ አየሁ። አሁን የሚበልቱት ቦት ጫማ ያደረጉ ወጣት ወንዶች ናቸው። «የሉም» አልኩት።

«ደህና አድርገው ይዩ።»

ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁ። «የሉም፣ ወንድሜ።»

«አንድ አለች» አለ።

እርሳሱ እጄ ላይ ጥቂት ቆየ። ከዚያ መስመሩን አሰመርኩ።